የአሥር ላሞች ዋጋ

ባልና ሚስት፣ ሁለት ወንዶች ልጆችና አሥር ያህል የወተት ላሞች ያሉበት አንድ የገበሬ ቤት ነበር። ታናሹ ልጅ ሃያ ዓመት ሳይሞላው አንድ ዕቃ ግዙልኝ አለ። ዋጋው 100 ዶላር ገደማ ነው፤ በጊዜው ከላሞቹ ሁሉ ዋጋ ጋር ይስተካከል እንደነበር ይነገራል። ዕቃው አያርስም፣ አይጭንም፣ አይታለብም። ልጁ የፈለገው ከሰማይ የሚወርደውን በረዶ ፎቶግራፍ ሊያነሳበት ነው። አባት አይሆንም አለ። እናት ይሁን አለች። ዕቁብ ለምንጥልና ብድር ለምንሰጣጥ ለእኛ ይህ ክርክር እንግዳ አይደለም። “ለዚህ ነገር ይህን ያህል ገንዘብ ይወጣል ወይ?” የሚለው ጥያቄ በየቤታችን አለ፤ በማኅበራችን ስብሰባም በየጊዜው ይነሳል።

በመጨረሻ ዕቃው ተገዛ። የገዙለት ልጅ ስሙ ዊልሰን ቤንትሊ ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ ገበሬ ሆኖ ኖሮ፣ ገበሬ ሆኖ ሞተ። ዛሬ ግን ዓለም የሚያውቀው በላሞቹ ሳይሆን በበረዶ ፎቶግራፎቹ ነው። ስለ እሱ የሚጻፈው አብዛኛው ታሪክ እናቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋታል፤ ላሞቹንም እንዲሁ። እኔ ደግሞ ከእነሱ ልጀምር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቤንትሊ የተወለደው በየካቲት ወር 1865 በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፣ በቨርሞንት ግዛት ነው። መንደሩ ጄሪኮ ትባላለች፤ የመጽሐፍ ቅዱሷ ኢያሪኮ ማለት ነው። ያቺኛዋ የዘንባባ ከተማ ስትሆን ይህቺ ግን ዓመቱ ውስጥ ለወራት በበረዶ ትሸፈናለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። እኛ አገር በረዶ ስንል መጀመሪያ የሚታወሰን ቆርቆሮውን እየደበደበ ጤፉን የሚያረግፈው ነው። ቤንትሊ ሲከታተል የኖረው ግን ሌላው ነው፤ እንደተነደፈ ጥጥ እየተንሳፈፈ ያለ ድምፅ የሚወርደው፣ በመጽሐፍ ቅዱሳችን አመዳይ የተባለው። ወደ ውጭ አገር የሄዱ እህቶቻችን በደንብ ያውቁታል። የስሜን ተራራ ሰዎችም አልፎ አልፎ ያዩታል። ከዚህ በኋላ በረዶ ስል ይህኛውን ማለቴ ነው።

እናቱ ፋኒ ከማግባቷ በፊት አስተማሪ ነበረች። ልጇን እስከ 14 ዓመቱ ድረስ ያስተማረችው ራሷ እቤት ውስጥ ነው። ቤቷ ውስጥ ሙሉ ኢንሳይክሎፒድያ ነበራት፤ ልጁ ሁሉንም አንብቦ ጨረሰ። ከአስተማሪነት ዘመኗ የቀረ አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ደግሞ ነበራት። ሌሎች የመንደሩ ልጆች በወንጭፍ ሲጫወቱ እሱ የውኃ ጠብታ፣ የድንጋይ ስባሪ፣ ከወፍ ክንፍ የወደቀ ላባ፣ የአበባ ቅጠል በመሣሪያው ሥር እያስቀመጠ ያይ ነበር። 15 ዓመት የሞላው ዕለት በረዶ ሲጥል አንዲት ቅንጣት አስቀምጦ አየ። ከዚያች ቀን በኋላ ስለ ሌላ ነገር የሚያስብ አልሆነም።

ባለ ስድስት ጫፍ ነበረች። የበረዶ ቅንጣት ባለ ስድስት ማዕዘን መሆኗን ሊቃውንት ከዚያ በፊትም ያውቁ ነበር። ዮሐንስ ኬፕለር የሚባለው የሰማይ ሊቅ በ1611 ለምን ስድስት እንደሆነች የሚጠይቅ ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። የጄሪኮው ልጅ ያስገረመው ግን ስድስትነቷ ብቻ አልነበረም። አንዷ እንደ ኮከብ፣ አንዷ እንደ ፈርን ቅጠል፣ ሌላዋ ጠፍጣፋ ሆና መሐሏ በጥልፍ እንደተሠራ ነበረች። ሊስላቸው ሞከረ። እርሳሱን ይዞ ግማሽ ሳይደርስ ቅንጣቷ ትቀልጣለች። ሦስት የብርድ ወቅት ያህል እንዲህ ደከመ። በኋላ ካሜራና ማይክሮስኮፕ ሊጋጠሙ እንደሚችሉ አነበበ። የ100 ዶላሩ ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው።

አባቱ ኤድዊን ክፉ ሰው አልነበረም። በእርሻ ላይ ተወልዶ በእርሻ ላይ ያደገ፣ ገንዘብ እንዴት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ለበረዶ ፎቶግራፍ የሚወጣ ገንዘብ ደግሞ እንደ በረዶው ቀልጦ የሚቀር ነው ብሎ ያምን ነበር። ቤንትሊ በ1925 ለአንዲት ጋዜጠኛ ሲናገር፣ አባቱ እስኪሞት ድረስ ነገሩ ከንቱ መሆኑን አልተጠራጠረም ብሏል። ያሳመነችው እናቱ መሆኗን ግን አልረሳም። እንዴት እንዳሳመነችው ማንም አልጻፈውም። እኔ ስገምት ግን በአንድ ቀን ክርክር የተፈታ ነገር አይመስለኝም።

የተገዛው ካሜራ ወዲያው አልሠራለትም። ፎቶግራፍ ማንሳት ያስተማረው ሰው አልነበረም፤ እሱም ቢሆን ያንን ዓይነት ፎቶግራፍ ያነሳ ሰው አላየም። አንዱን የመስታወት ፊልም ከሌላው በኋላ አበላሸ። ጥር 15 ቀን 1885፣ ሃያ ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ የመጀመሪያዋ ምስል ወጣች። በዓለም ላይ የአንዲት የበረዶ ቅንጣት ፎቶግራፍ በማይክሮስኮፕ አጉልተው ካነሱት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ይህ ከላሞች በረት የመጣ ልጅ ሆነ።

አሠራሩን ላስረዳ፤ ከዕቃዎቹ ውስጥ ለእኛ ለሴቶች እንግዳ የሚሆን የለምና። ቤንትሊ በረዶው መጣል ሲጀምር ጥቁር ሰሌዳ ይዞ ደጅ ይወጣል። ጥቂት ቅንጣቶች ሲያርፉበት እሳት ወደማይነድበት የጓሮ ክፍል ይገባል። እዚያ ቤት ሙቀት ካለ ሁሉም ነገር አለቀ። የሚረቡትን በዓይኑ ይመርጥና ሌላውን በላባ ጠርጎ ይጥላል። የተመረጠችውን በመጥረጊያ ስንጥር ጫፍ አንስቶ በመስታወት ላይ ያስቀምጣታል፤ በላባም ቀስ አድርጎ ያስተኛታል። ትንፋሹን ይይዛል፤ ትንፋሽ ካገኛት ትቀልጣለች። ከዚያ ካሜራውን ከፍቶ ከአሥር ሴኮንድ እስከ መቶ ሴኮንድ ድረስ ይጠብቃል። እጁ ደንዝዟል፣ ጊዜውም እያለቀ ነው፤ ቅንጣቷ ባትቀልጥ እንኳ ወደ አየሩ እየተነነች ጫፎቿ ይጠፋሉ። ላባ፣ ስንጥር፣ ጥቁር ሰሌዳ፤ ከካሜራው ሌላ ውድ ነገር አልነበረውም። ያንኑ አንድ ካሜራ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ተጠቀመበት። ከ40 ዓመት በላይ ያገለገለ ዕቃ በላሞች ዋጋ ቢገዛም ተወደደ አልልም።

ከ1885 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ከ5,000 በላይ ምስሎች አነሳ። ለ47 የብርድ ወቅት ሲካፈል በአንድ ወቅት መቶ ገደማ ይደርሳል። ጥሩ ቅንጣት የሚጥልባቸው ቀናት ጥቂት ናቸውና ብዙ ነው። ደግሞም የበረዶው ጥሩ ሰዓት የማለቢያ ሰዓትን አይጠብቅም። አባታቸው ከሞተ በኋላ እርሻውን ቤንትሊና ታላቅ ወንድሙ ቻርልስ አብረው ያዙት። አንዱን ቤት ከሁለት ተካፍለው በአንደኛው ወገን ቻርልስ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር፣ በሌላው ቤንትሊ ከእናቱ ጋር ኖሩ። ቤንትሊ ሚስት አላገባም። እናቱ አርጅታ ስትታመም ያስታመማት እሱ ነው። በረዶ የጣለ ቀን ላም ያለበው ማን ነበር? የታሪክ ጸሐፊዎች አይነግሩንም። ወንድምየው ወይም የወንድም ሚስት ሳትሆን አትቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ፤ እንዲህ ያለው ሥራ መጽሐፍ ውስጥ ሲገባ ብዙም አላየሁም።

ሙያው በረዶ ብቻ አልነበረም። ፒያኖ፣ ቫዮሊንና ክላርኔት ይጫወታል። የወፎችንና የእንቁራሪቶችን ድምፅ አስመስሎ ሰዎችን ያስቃል። በሰሜን ሰማይ ሌሊት የሚታየውን ባለ ቀለም የብርሃን መጋረጃ፣ አውሮራ የሚባለውን፣ በታየ ቁጥር ለአሥርተ ዓመታት መዘገበ። የየቀኑን አየር ጠባይ ይጽፋል። በመስኮት ላይ የሚሠራውን የውርጭ ጥልፍ፣ በሸረሪት ድር ላይ የሚንጠለጠለውን ጤዛ ፎቶግራፍ ያነሳል። አንድ ጊዜ ፌንጣ አበባ ላይ አስሮ አሳደረና ጠዋት ጤዛ ለብሳ አነሳት። ይህ ሁሉ ለጎረቤቶቹ የሥራ ፈት ጨዋታ ነበር። እኔ ግን እንዲያ አላየውም። ገበሬ ሰማይን ሳያይ አያድርም። የደጋ ሰው ውርጭ ገብሱን እንዳያቃጥልበት ማታ ማታ ሰማዩን ያነባል፤ ደመና ከሌለ ይሰጋል። ቤንትሊ ያደረገው ይህንኑ ገበሬ ሁሉ የሚያየውን ነገር ነው፤ ልዩነቱ ያየውን በወረቀት ላይ ማስፈሩ ነው።

ከጎረቤት ጋር የነበረውን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ቀን ለመንደሩ ሰው ሥራዬን ላሳይ ብሎ ምስሎቹን በግድግዳ ላይ በብርሃን እያሳየ የሚናገርበት ምሽት አዘጋጀ። መግቢያው ነጻ ነው፣ አየሩም ጥሩ ነበር። ስድስት ያህል ሰው መጣ። ይህንን ለጋዜጠኛዋ ሲያጫውታት የተቀየመ አይመስልም፤ ሰዎቹ ትንሽ እንደነካው አድርገው እንደሚያዩት ያውቅ ነበር። ያኔ ከመንደሩ ውጭ ግን ስሙ መሰማት ጀምሮ ነበር። ለ13 ዓመት ያህል ምስሎቹን በመሳቢያ ሲያከማች ከቆየ በኋላ ጆርጅ ፐርኪንስ የሚባል የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አይቶለት በ1898 አብረው ጽሑፍ አወጡ። ከዚያ በኋላ በራሱ ስም በአገሪቱ የአየር ጠባይ መጽሔት ላይ መጻፍ ጀመረ። ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች፣ የጌጣጌጥ ሠሪዎችና የጨርቅ ጥለት አውጪዎች ምስሎቹን ገዙ።

የገዙበትን ዋጋ ስንሰማ ግን የማኅበራችን ሒሳብ ያዥ ራሷን ትይዛለች። አንዱን የመስታወት ቅጂ በ5 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። በዚህ ሒሳብ የካሜራው ዋጋ ብቻ እንዲመለስ 2,000 ቅጂ መሸጥ አለበት፤ ለመስታወቱ፣ ለመድኃኒቱና ለፖስታው የወጣው ሳይቆጠር። ራሱ እንደገመተው በሥራው ላይ 15,000 ዶላር ያህል አውጥቶ ያገኘው 4,000 ገደማ ነው። ጉድለቱ 11,000 ዶላር፣ ማለትም የካሜራው ዋጋ 110 ጊዜ መሆኑ ነው። ያንን ጉድለት የሞላው እርሻው ነው። አባቱ ከመቃብር ተነሥቶ ይህንን መዝገብ ቢያይ “አላልኩም?” የሚል ይመስለኛል፤ በገንዘብ በኩል ብቻ ከሆነ ደግሞ ልክ ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን የበረዶው አይደለም፤ የዝናቡ ነው። ወደ 1898 ገደማ ቤንትሊ የዝናብ ጠብታ ምን ያህል እንደሚተልቅ ማወቅ ፈለገ። የሚወድቅ ጠብታ በምን ይለካል? መልሱን ያገኘው ከማዕድ ቤት ነው። ድስት መሰል ሰፊ ሳህን ላይ በወንፊት የተነፋ ዱቄት እስከ ሁለት ጣት ውፍረት ድረስ ሞላ። በዝናብ ውስጥ ለጥቂት ሴኮንዶች አወጣውና መልሶ አስገባው። እያንዳንዱ ጠብታ ዱቄቱን አቡክቶ ትንሽ እንክብል ሠራ። ሲደርቁ ከዱቄቱ ለይቶ ለካቸው። እንክብሉና ጠብታው ተመጣጣኝ መሆናቸውን ለማረጋገጥ አስቀድሞ መጠናቸው የታወቀ ጠብታዎችን ወደ ዱቄት እየጣለ ፈተነ። ዱቄት ነፍቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህንን አይቷል፤ እጃችን እርጥብ ሆኖ በዱቄቱ ላይ ውኃ ሲንጠባጠብ የሚሠራውን ነገር ማለት ነው። ከስንት ሺህ ዓመት ጀምሮ ስንት ሴት አይታው አልፋለች!

ትልቁ ጠብታ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መሆኑን አገኘ። ሥራውን በ1904 አሳተመ። አሳተመና ተረሳ። ወደ አርባ ዓመት ገደማ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። በኋላ የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት የአፈር ጥበቃ ባለሙያዎች ዝናብ አፈርን እንዴት እንደሚያጥብ ሲመረምሩ የጠብታው መጠን ወሳኝ ሆነ፤ ትልቅ ጠብታ አፈሩን ይመታል፣ ይፈነቅላል፣ ከዚያ ጎርፉ ይወስደዋል። በ1943 ሎውስና ፓርሰንስ የሚባሉ ሁለት ባለሙያዎች ያንኑ የዱቄት ዘዴ ይዘው የዝናብ ኃይልና የጠብታ መጠን ያላቸውን ዝምድና አወጡ። የእነሱ ቁጥር የአፈር መሸርሸርን በሒሳብ ለመገመት ለተሠሩት ቀመሮች መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር የማሳዋ አፈር ቀልቶ ወንዝ ውስጥ ሲወርድ የምታይ፣ በእርከን ሥራ ላይ ድንጋይ ያነሳች እህት ጉዳዩ የማን እንደሆነ አይጠፋትም።

ስለ በረዶው ደግሞ ሳይነገር መቅረት የሌለበት አንድ ነገር አለ። ጀርመናውያን ሊቃውንት ቤንትሊን ወቅሰውታል። እሱ በምስሉ ቅጂ ላይ በቅንጣቷ ዙሪያ ያለውን በቢላዋ ጫፍ ፍቆ ያነሳ ነበር፤ ነጯ ቅንጣት በጥቁር ላይ ጎልታ እንድትታይ። ይህ ሲደረግ ጠርዟ ሊለወጥ ይችላል አሉ። ደግሞም ሁልጊዜ የሚመርጠው የተዋበችውን ነው፤ በእውነት ከሚወርደው በረዶ አብዛኛው የተሰበረ፣ የተጣበቀ፣ ጎደሎ ነው። ሁለቱም ወቀሳ እውነትነት አለው። እሱ ግን ዋናውን ኔጌቲቭ ሳይነካ ያስቀምጥ ስለነበር ተመልሶ ማመሳከር ይቻላል። ሁለት ቅንጣቶች አይመሳሰሉም የሚለው አሁን ሕፃናት ሳይቀሩ የሚደግሙት ነገር በዓለም የተሰራጨው በእሱ ሥራ ነው። የቅንጣቷ መልክ የተጓዘችበትን አየር ይናገራል የሚለውንም ሐሳብ እሱ ይዞት ነበር። ያንን ያረጋገጠው ሌላ ሰው ነው፤ ኡኪቺሮ ናካያ የሚባል ጃፓናዊ ሊቅ የቤንትሊን መጽሐፍ አይቶ ሥራውን ጀመረና በ1936 በሆካይዶ፣ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ በጥንቸል ፀጉር ጫፍ ላይ የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ የበረዶ ቅንጣት አበቀለ። ሙቀቱንና እርጥበቱን እየለዋወጠም የትኛው አየር የትኛውን መልክ እንደሚሠራ ለየ።

ያ መጽሐፍ በቤንትሊ ሕይወት መጨረሻ ላይ የወጣ ነው። ሃምፍሪስ የሚባል የአየር ጠባይ ሳይንቲስት መግቢያውን ጽፎለት፣ ከ2,400 በላይ ምስሎች ይዞ፣ በኅዳር ወር 1931 ታተመ። የአባቱን ገንዘብ ካስወጣ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆነው ነው። እናቱ አላየችውም፤ ካለፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ቅጂው እጁ ሲገባ ቤንትሊ 66 ዓመቱ ነበር፤ አሁንም በዚያው ቤት፣ በዚያው እርሻ ላይ ነው።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ልብሱ ሳይበቃው ለውርጅብኝ በረዶ ተጋልጦ ረጅም መንገድ በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የሳንባ ምች ያዘው። የአየር ጠባይ ማስታወሻውን ግን እስከቻለ ድረስ አላቋረጠም። ታኅሣሥ 7 ቀን የጻፈው የመጨረሻው መስመር ከሰዓት በኋላ ከሰሜን ቀዝቃዛ ነፋስ እንደነበረና በረዶ እየበነነ እንደነበር ይናገራል። በዚያው ወር በ23ኛው ቀን ሞተ። ዛሬ በጄሪኮ የድሮው የእህል ወፍጮ ቤት የታሪክ ማኅበር ቤት ሆኗል፤ የቤንትሊ ሥራዎችም እዚያ ለጎብኚ ይታያሉ።